የዊምብልደን ማጣሪያ በሮሃምፕተን፦ ትኬቱ ያዋጣል ወይ?

ለንደን ውስጥ ሰኔ ሲገባ የቴኒስ ወዳጆች ወሬ አንድ ነው። የዊምብልደን ዕጣ ወጣልህ? ሰልፉ ላይ ልናድር ነው? ሴንተር ኮርት፣ ዋናው ሜዳ፣ በምን በኩል ይገባል? እኔ ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት ስለሚካሄደውና ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ ስለማያውቀው ውድድር ነው። የዊምብልደን ማጣሪያ። ቦታው ደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ሮሃምፕተን፣ ፕራየሪ ሌን የሚባለው መንገድ ላይ ያለው፣ የእንግሊዝ ባንክ የስፖርት ሜዳ ይባል የነበረው ግቢ ነው።

መልሱን ላስቀድም። ያዋጣል፣ በደንብ ያዋጣል። በተለይ ደግሞ ቴሌቪዥን ስለማያሳያቸው፣ የዓለም ደረጃቸው 200 እና 300 ላይ ስለተቀመጠ ብሪታንያውያን ሴት ተጫዋቾች ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። የእነሱ የዓመት ድካም ውጤቱ የሚታየው እዚህ ሳር ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ዊምብልደን ዋናው ድልድል ውስጥ 128 ሴቶች ይገባሉ። አብዛኞቹ በደረጃቸው ነው። ጥቂቶቹ ዋይልድ ካርድ ተሰጥቷቸው፣ ማለትም አዘጋጁ መርጦ ጋብዟቸው ይገባሉ። የቀረው ቦታ በማጣሪያ ይሞላል። ከ2019 ጀምሮ ለሴቶቹ ማጣሪያ የሚቀርቡት 128 ናቸው፤ ከዚያ በፊት 96 ነበሩ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፉ 16 ሴቶች ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ከተሸነፍሽ በቃ፣ ወደ ቤት። ከአራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ማለትም ከቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች፣ ደግሞ ማጣሪያውን ከዋናው ግቢ ውጭ፣ ሌላ ሰፈር ወስዶ የሚያደርገው ዊምብልደን ብቻ ነው። ስለዚህ ሮሃምፕተን የምትሸነፍ ልጅ ዊምብልደን ተጫወትኩ ትላለች እንጂ የዊምብልደንን ግቢ በተጫዋችነት ላትረግጠው ትችላለች።

ትኬቱ። ድሮ በነጻ ነበር የሚገባው። ገንዘብ መጠየቅ የጀመሩት 2017 ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ማሪያ ሻራፖቫ ማጣሪያ ልትጫወት ነው ስለተባለ ሕዝቡ እንዳይጨናነቅ ተፈርቶ 5 ፓውንድ አደረጉት። እሷ በጉዳት ሳትመጣ ቀረች፣ ትኬቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፤ ያም ሆኖ ለፍጻሜው ጨዋታ ሴንተር ኮርት ላይ ከ300 ፓውንድ በላይ ከሚከፈለው ጋር ስታስተያዩት ኪስ የሚጎዳ ነገር አይደለም። ትኬቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚቆረጠው። እንደ ዋናው ውድድር በር ላይ ተሰልፌ እገባለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ሽያጩ ሲከፈት ቶሎ ማለት ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከዋተርሉ ባቡር ይዛችሁ ባርንስ ጣቢያ መውረድ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ዛፍ የበዛበት። መኪና ይዤ ልምጣ የሚለውን ሐሳብ እርሱት። እዚያው ፕራየሪ ሌን ላይ 2007 የተከፈተው የብሪታንያ ቴኒስ ፌዴሬሽን ብሔራዊ ማዕከል አለ፤ ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ነው። የአገሪቱ የቴኒስ ሀብትና የአገሪቱ የቴኒስ ድካም እዚህ አንድ መንገድ ላይ ተጎራብተዋል፤ ሳልፍ ሁሌ ዓይኔ ይገባል።

ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ቅርበቱ ነው። ሜዳዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እናንተንና ተጫዋቿን የሚለያችሁ ዝቅ ያለ ነገር ነው። በቴሌቪዥን ዝግ ብላ የምትሄድ የምትመስለው ኳስ እዚህ ድው ብላ ነው የምታልፈው። የጫማ መንሸራተት ይሰማል፣ ትንፋሽ ይሰማል፣ ተጫዋቿ ራሷን ስትቆጣ ቃል በቃል ይሰማል። አንዱን ጨዋታ እያያችሁ ከጎን ያለው ሜዳ ላይ ጩኸት ከሰማችሁ አንገት ማዞር ብቻ ነው።

አንዲት ብሪታንያዊት ሳይ ነበር። ደረጃዋ 200ን ያለፈ ነው። ስሟን አልጽፍም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጨዋታ ተሸንፋ ሁለተኛው ላይ 4 ለ 4 ደርሰዋል። ሰርቭ፣ ማለትም ኳሱን መትቶ ማስጀመር፣ የእሷ ነው። ከኳስ አቀባዩ ሦስት ኳስ ተቀበለች፣ አገላብጣ አየቻቸው፣ የተላላጠችውን መለሰች፣ አንዷን ቁምጣዋ ውስጥ ሸጎጠች። ከዚያ ሁለቱንም ሰርቭ መረብ ላይ ሰካቻቸው። ዘወር ብላ አሰልጣኟን አየችው። ሰውየው ከእኔ በክንድ ርቀት ነው የቆመው። «እግርሽን» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ራሷን ነቀነቀች፣ መስመሩ ጋ ተመልሳ ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብታ ቆመች፣ የሚቀጥለው ሰርቭ ሜዳው ጥግ ላይ አርፎ ሸሸ። ጌሙን ወሰደች። ክፍለ ጨዋታውን ግን አልወሰደችም። ሲያልቅ ተጋጣሚዋን ጨብጣ፣ ቦርሳዋን ራሷ ሸክፋ፣ እኛ በምንሄድበት መንገድ ነው የወጣችው። አንዲት ትንሽ ልጅ ትልቋን የቴኒስ ኳስ ይዛ ፊርማ ጠየቀቻት። ቆማ ፈረመች፣ ልጅቷንም አንቺስ ትጫወቻለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ይህን ያደረገችው ከተሸነፈች አሥር ደቂቃ ሳይሞላት ነው። አንጀቴን በላችው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ገንዘቡን ሳያውቁ ሮሃምፕተንን ማየት ግማሹን መሳት ነው። በ2025 የማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ላይ የተሸነፈች 15,500 ፓውንድ ታገኝ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ የተሸነፈች 41,500። አልፋ ዋናው ድልድል ከገባች፣ እዚያ አንድም ጨዋታ ባታሸንፍ 66,000 ፓውንድ ነበራት። እነዚህን ቁጥሮች ያዙና ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የምትውልበትን ቦታ ተመልከቱ።

የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ዝቅተኛ ውድድሮች ለአሸናፊዋ በሚሰጡት የደረጃ ነጥብ ነው የሚጠሩት፤ 15፣ 35፣ 50፣ 75 እና 100 እየተባሉ። 15 የሚባለው ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው። ያ ለአሸናፊዋ ብቻ አይደለም፤ ለነጠላውም ለጥንዱም፣ ለሁሉም የሚከፋፈል ነው። የመጀመሪያ ዙር ተሸናፊዋ 200 ዶላር አትሞላም። ሳምንቱን ሙሉ አሸንፋ ዋንጫ ያነሳችውም 2,500 ዶላር አታገኝም። ከዚህ ላይ አውሮፕላን አለ፣ ሆቴል አለ፣ ምግብ አለ፣ የራኬት ክር አለ፣ ፊዚዮ አለ። አሰልጣኝ ይዛ ከሄደች ወጪው እጥፍ ነው። ብዙዎቹ ስለዚህ ያለ አሰልጣኝ ብቻቸውን ነው የሚዞሩት። ፌዴሬሽኑ ራሱ የ2013ን ሒሳብ አስጠንቶ ነበር። አንዲት ሴት ተጫዋች ወጪና ገቢዋ የሚገናኘው ደረጃዋ 253 አካባቢ ሲሆን ነው ብሎ ነበር፤ የዓመት ወጪዋም 40,000 ዶላር ገደማ። ያውም የአሰልጣኝ ክፍያ ሳይታሰብ! ከዓለም 300ኛ መሆን ማለት እኮ በየትኛውም ሌላ ሙያ ትልቅ ሰው መሆን ማለት ነው። ከዓለም 300ኛዋን ሐኪም ወይም 300ኛዋን መሐንዲስ አስቧት።

ለዚህ ነው ሮሃምፕተን ላይ ሦስተኛው ዙር የተለየ የሚሆነው። ሁለቱም ልጆች በልባቸው ሒሳቡን ያውቁታል። ያሸነፈችው ለቀሪው ዓመት አሰልጣኝ መክፈል ትችላለች፣ አሜሪካ ድረስ ሄዳ መጫወት ትችላለች፣ የጉልበት ሕክምናዋን ሳታዘገይ ትታከማለች። የተሸነፈችው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የሆነ ትንሽ ከተማ ውስጥ ናት። ይህ ዙር የሚካሄድበትን የሐሙሱን ትኬት ካገኛችሁ አትልቀቁት። ልብ ይሰቅላል።

እዚህ ላይ ብሪታንያዊት መሆን ምን ይጨምራል? ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ የሳሩ ወቅት ነው። ከኖቲንግሃም እስከ ኢልክሊና ኢስትቦርን ድረስ ለተወሰኑ ሳምንታት ውድድሩ ደጃቸው ይመጣል፣ ዋይልድ ካርዱም በብዛት ለአገር ልጅ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ ግን ሰንደርላንድ፣ ግላስጎው፣ ሽሩስበሪ፣ ላፍብራ ነው፤ የቤት ውስጥ ሜዳ፣ ጥቂት ወላጆችና ጥቂት የክለብ አባላት ተመልካች ሆነው። አውሮፓ ወጥተው በሸክላ ሜዳ እንዳይጫወቱ ደግሞ ብሬግዚት መጣ። አሁን ብሪታንያዊ ፓስፖርት ብቻ ያላት ተጫዋች ሸንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ መቆየት የምትችለው 90 ቀን ነው። ዝቅተኛዎቹ ውድድሮች ደግሞ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ ነው ተደርድረው የሚገኙት። ተጋጣሚዎቿ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በባቡር ሲሄዱ እሷ ቀን እየቆጠረች ነው ፕሮግራሟን የምታወጣው።

ስለ ዋይልድ ካርድ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚሰማው ወቀሳ ያናድደኛል። ዋይልድ ካርድ ተሰጣት፣ ገባች፣ የመጀመሪያ ዙር ተሸነፈች፣ ነጻ ገንዘብ ወሰደች ይባላል። 2018 ላይ ኬቲ ደን ዋይልድ ካርድ አግኝታ ገባች። ዕጣው ያወጣላት ማንን ነው? ዬሌና ኦስታፔንኮን፣ ከዓመት በፊት የፈረንሳይ ኦፕንን ያነሳችውን። 6 ለ 3፣ 7 ለ 6 ተሸነፈች። ሁለተኛው ክፍለ ጨዋታ እስከ መለያ ነጥብ ሄደ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በትንንሽ አዳራሽ ስትጫወት የከረመች ልጅ ከግራንድ ስላም አሸናፊ ጋር እንዲህ ስትታገል አይቶ ነጻ ገንዘብ የሚል ሰው ጨዋታውን አላየም። በእኔ እምነት ያ ገንዘብ ነጻ አይደለም፣ የዘገየ ደመወዝ ነው።

የእነዚህ ልጆች ችሎታ ደግሞ አትናቁት። ታራ ሙር 2017 ላይ ሰንደርላንድ ውስጥ ከፈረንሳይዋ ጄሲካ ፖንሼ ጋር ስትጫወት የመጀመሪያውን 6 ለ 0 ተሸነፈች፣ ሁለተኛውን 5 ለ 0 ተመራች፣ ከዚያም የጨዋታው መጨረሻ ሊሆን የሚችል ነጥብ ላይ ቆመች። አንድ ኳስ ብትስት አልቋል። አሸነፈች! 0 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 6 ለ 3። ይህን ያየው ሰው አንድ አውቶቡስ የሚሞላ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ነገር ሴንተር ኮርት ላይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይወራ ነበር።

ከሮሃምፕተን ወጥታ ርቃ የሄደች አለች ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አዎ ነው። 1999 ላይ አሜሪካዊቷ አሌክሳንድራ ስቲቨንሰን ከማጣሪያ ተነስታ ዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከብሪታንያዎቹ ግን የእኔ ምርጫ ሶናይ ካርታል ናት። 2024 ሰኔ ላይ ደረጃዋ 298 ነበር። ከብራይተን የመጣች ልጅ፣ በሕፃንነቷ ኤማ ራዱካኑን እየተጋጠመች ያደገች፤ ራዱካኑ 2021 ላይ ከማጣሪያ ተነስታ የአሜሪካ ኦፕንን ስታነሳ ዓለም ጉድ ሲል ካርታል ገና ታች ላይ ነበረች። ሮሃምፕተን ላይ ሦስቱንም አሸነፈች። ዋናው ድልድል ገብታ 29ኛ ተመራጭ የነበረችውን፣ ማለትም በደረጃዋ ከውድድሩ ጠንካሮች ተርታ የተመደበችውን፣ ሶራና ሲርስቴአን የመጀመሪያውን ተሸንፋ ተመልሳ፣ የመጨረሻውን 6 ለ 0 አሸንፋ አሰናበተቻት። ክላራ ቡሬልንም አሸነፈች። ያቆመቻት ኮኮ ጎፍ ናት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ። በማግስቱ ዓመት ማጣሪያ ሳያስፈልጋት ገብታ አራተኛው ዙር ደረሰች፣ ያውም የመጀመሪያ ዙር ላይ ያችኑ ኦስታፔንኮን አሸንፋ። በአንድ ዓመት ውስጥ! ሮሃምፕተን ስትሄዱ አጥሩ ጋ ቆማችሁ የምታዩዋት ስሟን የማታውቋት ልጅ ይህችው ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም ግን እንዲህ ቶሎ አይሆንለትም። ፍራንቼስካ ጆንስን እዩ። ስትወለድ በእያንዳንዱ እጇ ሦስት ጣትና አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው የነበራት፤ የእግሯ ጣቶችም ጎደሎ ናቸው፣ ሰባት ብቻ። ሐኪሞች ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆን አትችይም ብለዋት ነበር። ሳር ላይ ሚዛን መጠበቅ ሙሉ ጣት ላለውም ከባድ ነው። በልጅነቷ ባርሴሎና ሄዳ ሠለጠነች፣ 2021 ላይ ዱባይ በተደረገው ማጣሪያ አልፋ የአውስትራሊያ ኦፕን ገባች፣ ከዚያ ደግሞ ጉዳት በጉዳት። ከ100ዎቹ ውስጥ የገባችው 2025 ላይ ነው። በመካከል ያሉትን ዓመታት ማንም አልጻፈላትም። እዚያ ዓመታት ውስጥ ነው ሙያዋ ያለው።

ከቀደሙት ደግሞ አን ኬዮታቮንግ አለች። ጉልበቷን ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተጎድታለች፣ በዝቅተኛ ውድድሮች 20 ዋንጫ ሰብስባለች፣ 2009 ላይ ከ50ዎቹ ውስጥ ስትገባ ከጆ ዱሪ በኋላ የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት ነበረች፤ በመካከሉ ወደ 16 ዓመት አለፈ። ዛሬ የብሔራዊ ቡድኑ አለቃ ናት። የእሷ እኩያ ኤሌና ባልታቻ ደግሞ ኪየቭ ተወልዳ ብሪታንያ ያደገች ናት። ከወጣትነቷ ጀምሮ የጉበት ሕመም ነበረባት፣ ከሕመሙ ጋር እየታገለች 2010 ላይ 49ኛ ደረሰች። ኢፕስዊች ውስጥ አቅም ለሌላቸው ልጆች ቴኒስ የሚያስተምር አካዳሚ ከፈተች። 2013 መጨረሻ ላይ ከውድድር ተሰናበተች፣ በ2014 ግንቦት በጉበት ካንሰር ሞተች። 30 ዓመቷ ነበር። አካዳሚው ከእሷ በኋላም ቀጥሏል። ስለ ብሪታንያ ሴቶች ቴኒስ ሲወራ ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር ሰው ሳገኝ የማነሳው የእሷን ስም ነው።

እሺ፣ ወደ ሮሃምፕተን ልመለስ፤ ጉድለቱንም መናገር አለብኝ።

መቀመጫ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆማችሁ ነው የምታዩት፣ እድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ይከብዳል። ጣሪያ ያለው ሜዳ የለም። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ የለንደን ሰኔ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ከሆነም ጥላ ፍለጋ ነው። ብዙ ጨዋታ ባንድ ጊዜ ስለሚካሄድ የትኛው ሜዳ ላይ ማን እንዳለች ለማወቅ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ የዊምብልደንን መተግበሪያ አውርዱ፣ የቀኑን የጨዋታ ቅደም ተከተል ጠዋት ላይ አይታችሁ ብሪታንያዎቹ የት እንዳሉ ለዩ። ትልቅ ስም ካለው ሜዳ ይልቅ ዳር ያለውን ሜዳ ምረጡ፤ ቦታ አለ፣ ጨዋታውም አያንስም።

ሌላው ለውጥ የመስመር ዳኞቹ ናቸው። ከ2025 ጀምሮ ዊምብልደን የመስመር ዳኞችን አስወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ ተክቷል፣ ማጣሪያውም ጭምር። እኔ አልወደድኩትም። ስህተት ይቀንሳል መባሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን እሱም ሰው ነው የሚያስነሳውና የሚያጠፋው። በዚያው ዓመት ካርታል ከፓቭሊዩቼንኮቫ ጋር ሴንተር ኮርት ላይ ስትጫወት መሣሪያው በአንድ በኩል ጠፍቶ ነበር፣ በግልጽ የወጣች ኳስ ሳትጠራ አለፈች፣ ነጥቡ እንዲደገም ተደረገ። በቴኒስ ዓለም እጅግ በታወቀው ሜዳ ላይ ይህ ከሆነ ማንም የማያየው ዳር ሜዳ ላይ የቆመችው ልጅ ለማን ትጮኻለች?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ውርርድ። ዝቅተኛ ደረጃ ጨዋታዎች ላይ ሳይቀር ቤቲንግ አለ፣ ገንዘቡን የተበላው ሰው ደግሞ ንዴቱን የሚወጣው ተጫዋቿ ላይ ነው። የሴት ቴኒስ ተጫዋቾች ማኅበርና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው በ2024 ብቻ ወደ 8,000 የሚሆኑ የስድብና የዛቻ መልእክቶች ለ458 ተጫዋቾች ደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶው የተላከው ከተበሳጩ ተወራራጆች ነው። ታዋቂዋ ብሪታንያዊት ተጫዋች ኬቲ ቦልተር የደረሷትን መልእክቶች ለሕዝብ ስታሳይ ያየ ሰው ያውቃል፤ ቤተሰቧን ሳይቀር ነው የሚዝቱባት። ቦልተር ስም አላት። 280ኛዋ ልጅ ሆቴል ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስልኳን ከፍታ ነው የምታነበው። ስለዚህ ሮሃምፕተን ከሄዳችሁ አጨብጭቡ። ለተሸነፈችውም አጨብጭቡ። ቅርብ ስለሆናችሁ ትሰማችኋለች። እውነቴን ነው፣ ዓይኗን ቀና አድርጋ ታያችኋለች።

ከልጆች ጋር መሄድ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ እንዲያውም ልጆች ናቸው የሚጠቀሙት። ቴኒስ የሚማር ልጅ ካላችሁ እዚህ አምጡት። ሜዳው ዳር ተቀምጦ የእግር አጣጣል ማየት ከቴሌቪዥን የማይገኝ ትምህርት ነው፣ ተጫዋቾቹም አይሸሹም፣ ያናግሯችኋል። ኳስ አቀባዮቹን ራሳቸውን ማየትም ደስ ይላል። (2022 ላይ ዋናው ውድድር ላይ አንድ ኳስ አቀባይ ራሱን ሊስት ሲል ጨዋታዋን አቁማ የሚጠጣ ነገርና ከረሜላ የሰጠችው ጆዲ በሬጅ ነበረች። እሷም ከእነዚሁ ከታች ከመጡት አንዷ ናት፤ በዓመቱ ኖቲንግሃም ላይ ከቦልተር ጋር ለፍጻሜ ደረሱ፣ ሁለት ብሪታንያውያን በሴቶቹ ማኅበር ዋና ውድድር ለፍጻሜ ሲገናኙ ከ1977 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።)

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለመቀመጫው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለስንት ዓመት እንደሚቆይ እንጃ። የዊምብልደን ክለብ ከግቢው ፊት ለፊት የነበረው የጎልፍ ሜዳ ላይ 8,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየምን ጨምሮ 39 አዲስ ሜዳ ሊሠራ አቅዷል፣ አንዱ ዓላማውም ማጣሪያውን ወደዚያ ማምጣት ነው። 2024 መስከረም ላይ ከለንደን አስተዳደር ፈቃድ አገኘ፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ከሰሱ፣ 2025 ሐምሌ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ለተጫዋቾቹ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ማጣሪያ የምትጫወት ልጅ ከዋናዎቹ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ሳር ይገባታል። ከክለቡ የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ትኬቱን እንዳያስወድዱት፣ አጥሩንም ከፍ እንዳያደርጉት። እስከዚያ ድረስ ግን ባርንስ ላይ ውረዱና በእግር ሂዱ፤ የማክሰኞው የሴቶች የመጀመሪያ ዙር ብዙ ብሪታንያዊት የምታዩበት ነው፣ የሐሙሱ ደግሞ ጨዋታው የሚከብድበት። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ማክሰኞን ምረጡ፤ እስከ ሐሙስ ብዙዎቹ ሄደዋል።